አሮጌ አፓርታማ ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ የባለሙያ ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት በዓይኔ አይቼ ነው። ዓይኔ ያየው ደግሞ ቀለሙን ብቻ ነበር። ነጭ፣ ንጹህ፣ ትናንት የተቀባ። በተረከብኩት በሦስተኛው ወር ዝናብ መጣና ከአልጋው ራስጌ በላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ብቅ አለ። በሳምንቱ ትሪ አከለ። ሁለተኛውን ቤት ስገዛ መሐንዲስ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል፤ ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ሰብስቤዋለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የምጽፈው ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

ፍተሻ ሲባል ቅየሳ ማለት ነው?

አይደለም። ቀያሽ መሬት ይለካል፣ ወሰን ያስቀምጣል። እዚህ የምናወራው ስለ ሕንፃ ፍተሻ ነው። ሕንፃ የሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሲቪል መሐንዲስ፣ ቤቱን ከወለል እስከ ኮርኒስ ያያል። ያየውን በፎቶ አስደግፎ ይጽፋል። ምኑ እንደተበላሸ፣ ምኑ ሊበላሽ እንደተቃረበ፣ የትኛው እንደሚያስቸኩል ይነግራችኋል።

ውጤቱ «ይገዛ» ወይም «አይገዛ» የሚል ፍርድ አይደለም። ብዙ ሰው እሱን ይጠብቅና ሪፖርቱ ሲመጣለት ይናደዳል። መወሰኑ የእናንተ ሥራ ነው።

ባንኩ ገማች ልኮ አይቶታል። አይበቃም?

ገማቹ የሚሠራው ለባንኩ ነው። የሚመልሰው ጥያቄም አንድ ነው፦ ተበዳሪው ባይከፍል ይህ ቤት ተሽጦ ብድሩን ይሸፍናል? ዞር ዞር ብሎ፣ ክፍል ቆጥሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ውስጡ ዝጎ ቢጠብ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ጠበቃም እንደዚያው ነው፤ ወረቀቱን ያያል እንጂ ግድግዳውን አያይም።

ቤቱ እኮ ታድሷል። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ሴራሚክ። ምኑ ይፈተሻል?

እንዲያውም እሱ ነው ጠበቅ ተደርጎ የሚፈተሸው። ሻጭ ቤቱን ማሳመሩ ነውር የለውም፤ እኔም ብሸጥ እቀባለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ክፍሉ አራት ግድግዳ አለው፤ የተቀባው አንዱ ብቻ ነው። ለምን? ኮርኒሱ አዲስ ነው፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ግን ዝቅ ብሏል። ከላዩ ምን አለ? የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ያብረቀርቃል። ከስሩ ያለው ቧንቧስ አብሮ ተቀይሯል ወይስ ያው የድሮው ነው? አሮጌ ቧንቧ ላይ የተነጠፈ አዲስ ሴራሚክ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንዴ በቤቱ ዋጋ ውስጥ፣ አንዴ ቧንቧው ሲፈነዳና ሲቆፈር።

አፍንጫችሁንም እመኑት። ቀለም ዓይንን ይሸነግላል፤ አፍንጫን ግን አይችለውም። ተዘግቶ የቆየ ክፍል ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚሸታችሁን ያዙ። አምስት ደቂቃ ከቆያችሁ ትለምዱታላችሁ። ልታዩ በሄዳችሁ ቁጥር መስኮቱ ሁሉ ተበርግዶ፣ ጥሩ መዓዛ ተረጭቶ የሚጠብቃችሁ ከሆነ አንድ ቀን ሳትናገሩ ሂዱ።

መቼ ነው የማስፈትሸው?

በዋጋ ከተቀራረባችሁ በኋላ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት። ገና ዋጋ ሳትነጋገሩ ማስፈተሽ ገንዘብ መበተን ነው። ከቀብድ በኋላ ማስፈተሽ ደግሞ ለማልቀስ ካልሆነ ብዙም አይጠቅምም። ሻጩ ቀብድ ካልተከፈለኝ አልጠብቅም ካለ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ፍተሻው ከባድ ጉድለት ካሳየ ቀብዱ ይመለሳል። ይህን አንቀጽ ጠበቃ ይጻፈው።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ በጠራራ ብርሃን ይሁን። በበጋ የተፈተሸ ጣሪያ ሁሉ ጎበዝ ነው።

ማንን ልጥራ?

ሻጩ የሚያውቀውን አይደለም። ደላላው «እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ያለውንም አይደለም። ደላላው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ነው። የሚፈትሸው ሰው ብትገዙም ባትገዙም ያው ክፍያውን የሚያገኝ መሆን አለበት።

ፈቃድ አለው? የሙያ ኃላፊነት መድን አለው? የድሮ ሕንፃ ፈትሾ ያውቃል ወይስ ልምዱ አዲስ ግንባታ ላይ ብቻ ነው? ይህን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ከዚህ በፊት የጻፈውን አንድ ሪፖርት፣ ስምና አድራሻው ተሰርዞ፣ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ሁለት ገጽ ከሆነና «በአጠቃላይ ጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ከበዛበት ወደ ሌላ ሰው ሂዱ። ሌላም ምልክት አለ። «ያየሁትን ችግር እኔው እጠግንላችኋለሁ» የሚል ፈታሽ ችግር መፈለግ ሳይሆን ሥራ መፈለግ ይዟል።

ባለሙያው ሲመጣ ምን ያደርጋል? አብሬ ልሁን?

አብራችሁ ሁኑ። ከሪፖርቱ ይልቅ እኔ የተማርኩት በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ነው።

እኔ የጠራኋት መሐንዲስ ሳሎኑን አልፋ በቀጥታ ማእድ ቤት ገባችና ዕቃ ማጠቢያው ስር ተንበረከከች። የጽዳት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ በባትሪ አየች። የቁም ሳጥኑ ወለል ጥጉ ላይ አብጧል። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ስታደርገው እንደ ረጠበ ካርቶን ገባ። ምንም አላለችም፤ ፎቶ አነሳች። ዝምታዋ ያስጨንቅ ነበር።

ከዚያ ሻወር ቤት። ሳንቲም አውጥታ ሴራሚኩን ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገች ሄደች። ጠጣር ድምፅ ነው። አሁንም ጠጣር። ከቧንቧው ስር ስትደርስ ድምፁ ተቀየረ፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። «እዚህ ጋ ለቋል፤ ከጀርባው ውሃ ይገባል» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ይሄን ነው።

ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። በሮቹን ሁሉ ከፍታ ዘጋች፤ የትኛው ከታች እንደሚፍቅ፣ የትኛው በራሱ እንደሚከፈት አየች። ቧንቧዎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከፍታ ሽንት ቤቱን ለቀቀች። ደረጃውን እስከ ጣሪያ ወጣን፤ ምድር ቤት ወርደን የውሃ ፓምፑን አየን። ጎረቤት ስታገኝ ሰላም ብላ «ውሃ እንዴት ነው እዚህ?» ትላለች። ከጎረቤት ያገኘችው ከመሣሪያው ያላነሰ ነበር።

ስንጥቅ አለው። ልተወው?

ስንጥቅ የሌለው አሮጌ ቤት ካያችሁ ቀቢውን አድንቁት። ጥያቄው መኖሩ አይደለም፤ ስፋቱ፣ አቅጣጫውና መንቀሳቀሱ ነው።

እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ መረብ ሠርቶ የተሰራጨ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። አያሳስብም። ግድግዳው ከቢሙ፣ ፎቁን ከሚሸከመው አግዳሚ አርማታ፣ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የተጋደመ ቀጭን ስንጥቅም የተለመደ ነው፤ ብሎኬትና አርማታ በሙቀትና በብርድ እኩል አይሳሳቡም። እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በአብዛኛው በልስንና በቀለም የሚስተካከል ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ጣት የሚያስገባ ሲሆን፣ ነገሩ የቀቢ መሆኑ ያበቃል።

ከስፋቱ ይልቅ አቅጣጫው ይናገራል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ አንዱ ጫፉ ሰፍቶ ሌላው የሚጠብ ስንጥቅ አንዱ የሕንፃ ወገን ከሌላው ይበልጥ መስጠሙን ይጠቁማል። በጡብ ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄደውም እንደዚያው። ያው ስንጥቅ ከላይና ከታች ባሉት ፎቆች ላይ በተመሳሳይ ቦታ ካለ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ቢምና ኮለን (ቋሚው የአርማታ ምሰሶ) ላይ ያለ ስንጥቅ ደግሞ ቀጭንም ቢሆን መሐንዲስ ሳያየው አይታለፍም።

መንቀሳቀሱን በአንድ ጉብኝት ማወቅ ይከብዳል። ግን ፍንጭ አለ። ስንጥቁ ውስጥ አሮጌ ቀለምና አቧራ ካለ ቆይቷል። ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹህ ከሆነ ትኩስ ነው። ተደፍኖ እንደገና የተከፈተ ከሆነ ገና አላበቃም። ጊዜ ካለ ባለሙያው ጫፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አስምሮ ቀኑን ይጽፍበታል፤ ወይም በላዩ ላይ ስስ የጂብሰም ምልክት ያደርግና ይሰበር እንደሆነ በወራት ልዩነት ያያል።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ሻጋታ ሲያዩ የሻጋታ ቀለም ይገዛሉ። በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

ምንጩ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። አንደኛው ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ ነው። ይህ ምድር ቤትንና የመጀመሪያውን ወለል ነው የሚነካው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም፤ ደርቆ ሲቀር ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ትቶ ይሄዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ «ከመሬት የመጣ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። ሁለተኛው ከውጭ የሚሰርግ ነው፦ የተሰነጠቀ የውጭ ልስን፣ የተደፈነ አሸንዳ፣ የመስኮት ጠርዝ። ዝናብ ሲመጣ ይሰፋል፣ ሲያባራ ይጠባል። ሦስተኛው የቧንቧ ፍሳሽ ነው፤ ዝናብ መጣ አልመጣ ግድ የለውም። አራተኛው እኛው ራሳችን ነን። የምንተነፍሰው፣ የምንቀቅለው፣ የምንታጠብበት እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ይሄኛው ጥግ ላይ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ አየር በማይዞርበት ቦታ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። መድኃኒቱ መስኮት መክፈትና አየር ማውጫ ማስገባት ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳ ማፍረስ አይደለም።

ባለሙያው ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ይሰካል። በመርፌዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ነው የሚለካው። ይህ መሣሪያ በመሠረቱ ለእንጨት የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ጨው ካለው ደረቅ ሆኖም «ርጥብ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ብቻ አትደንግጡ። ጥሩ ፈታሽ ብዙ ቦታ ለክቶ እርጥበቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ካርታ ያወጣል። የሙቀት ካሜራም እንዲሁ ነው። የሚያሳየው የግድግዳውን የላይ ሙቀት እንጂ ውሃን አይደለም፤ ቀዝቃዛ ቦታ እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ካሜራ ይዞ መጥቶ ባለቀለም ፎቶ ብቻ አስረክቦ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አርማታ አይበሰብስም ይባላል። ታዲያ ምኑ ያረጃል?

ውስጡ ያለው ፌሮ፣ የብረት ዘንጉ፣ ነው የሚያረጀው። አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ ከ12 በላይ ነው፤ በዚያ ውስጥ የተቀበረ ብረት አይዝግም። ግን አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ኮንክሪቱ ይገባል፤ መከላከያውንም ይበላል። ፒኤቹ ወደ 9 ሲወርድና እርጥበት ሲታከልበት ፌሮው መዛግ ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ከውስጥ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል፣ በመጨረሻም ቅርፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል።

ይህ የሚታየው የት ነው? በረንዳ ስር። ቀና ብላችሁ የላይኛውን ጎረቤት በረንዳ የታች ገጽ እዩ። የዝገት ቀለም ያለው መስመር፣ የተላጠ ሶሌታ፣ ብቅ ያለ ፌሮ ካለ ያው ነው። የእናንተ በረንዳም ከስሩ ያንኑ መልክ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ላዩን ነው የምትረግጡት። በልስን ብቻ የተለበጠ ከሆነ ዝገቱ ከስር ሥራውን ቀጥሏል።

መሐንዲሱ ከጠረጠረ ቀላል ምርመራ አለ። ትኩስ የተፈለፈለ ኮንክሪት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ይረጫል። ደህናው ክፍል ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ የተበላው ቀለሙን አይቀይርም። ሮዙ ፌሮው ጋ ሳይደርስ ከጀመረ ጊዜ አላችሁ። ከፌሮው ጀርባ ከጀመረ ጊዜው አልፏል። ሽሚት መዶሻ የሚሉትም አለ፤ ኮንክሪቱ ላይ ነጥሮ በሚመለስበት መጠን ስለ ጥንካሬው ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ ነው ያልኩት፤ እሱን ብቻ ይዞ «ጠንካራ ነው» ማለት አይቻልም።

ስለ መብራትና ውሃስ?

ብዙ ጊዜ የሕንፃ ፈታሹ የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ከሆነና ኧርዝ የሚሉት ሽቦ ከሌለው ይነግራችኋል። ብሬከር ሳይሆን የድሮው የሸክላ ፊውዝ ካለ፣ የሰው ሕይወት የሚያተርፈው፣ መስመሩ 30 ሚሊ አምፒር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው መቁረጫ ከሌለ፣ ይጽፈዋል። ከግድግዳ በስተጀርባ ያለውን ሽቦ ግን ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ይለካው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአንዳንድ አገሮች የአሉሚኒየም ሽቦ ይዘረጋ ነበር። መጋጠሚያው ላይ በጊዜ ይላላል፣ ይሞቃል፣ እሳት ያስነሳል።

ለውሃ ቀላሉን ፈተና እናንተም ትችላላችሁ። ሻወሩን ክፈቱና ማእድ ቤት ሄዳችሁ ሌላውን ክፈቱ። ሻወሩ ወደ ጠብታ ከወረደ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ የብረት) ቧንቧው ውስጡ በዝገት ሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ቧንቧ ተቆርጦ አይቻለሁ፤ ውጪው ደህና ነው፣ ውስጡ እርሳስ የማያስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶታል። ፍሳሹ ደግሞ ጉ-ጉ-ጉ እያለ ቀስ ብሎ ከወረደ ቋሚው መስመር ይታይ። እሱ የሕንፃው ሁሉ ስለሆነ ብቻችሁን አትቀይሩትም።

አስቤስቶስ አለበት ቢባልስ?

አስቤስቶስ በድሮ ግንባታ ይገባ የነበረ ቃጫማ ማዕድን ነው። ከመደናገጥ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ናሙና ቤተ ሙከራ ይገባል። ካልተነካ፣ ካልተሰበረ፣ ካልተበሳ ደግሞ ብናኙ ባለበት ይቆያል። አደጋው ስንቆርጠውና ስንበሳው ነው። ከ50 በላይ አገሮች የከለከሉትም ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ስለሚያመጣ ነው። በድሮ ሕንፃ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመስል የሲሚንቶ ንጣፍ፣ የጭስ ማውጫና የውሃ ቧንቧ፣ የሙቅ ውሃ መስመር ሽፋን ላይ ይገኛል። ቤቱን ልታድሱ ካሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አስመርምሩ፤ ማስወገዱ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ስለሚፈልግ የእድሳት ሂሳባችሁን ይለውጠዋል።

የድሮ ቀለምም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ልጅ ካላችሁ የተላጠ ቀለም በደረቁ አትፋቁ።

ሻጩ ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን አስፍቶታል። ያምራል። ችግር አለው?

ያምራል፤ እኔም እወዳለሁ። ግን ያ ግድግዳ ክፍል ይከፍል ነበር ወይስ ፎቅ ይሸከም ነበር? ኮለንና ቢም ባለው ሕንፃ መሀል ያለው ብሎኬት ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ራሱን ነው። በጡብ ወይም በድንጋይ የተሠሩ የቆዩ ሕንፃዎች ግን ግድግዳቸው ራሱ ነው ምሰሶው። መሐንዲሱ የሕንፃውን የድሮ ፕላን ካገኘ ያስተያያል። ካላገኘ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቤት ገብቶ ግድግዳው የት እንደነበር ያያል።

ፈቃድ ወረቀቱን ጠይቁ። ከሌለው የሻጩ ጥፋት ከቁልፉ ጋር ወደ እናንተ ይተላለፋል። በረንዳ በመስታወት መዝጋት፣ ሽንት ቤት ማዛወር፣ ለፍሳሽ ተብሎ ቢም መብሳት ሁሉ እዚሁ ውስጥ ነው። ስለ መብሳቱ አንድ ልበል። ቢም ውስጥ ቀዳዳ ያወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ፌሮ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በኮርኒስ ሸፍኖት ይሄዳል።

እግረ መንገዳችሁን ካሬውን አስለኩ። የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥርና ውስጥ የምትረግጡት ስፋት አንድ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ልኬት የግድግዳ ውፍረትና የደረጃ ድርሻ ይጨምራል።

የምገዛው መሀል ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት ነው። ጣሪያውና ምድር ቤቱ ምን አገባኝ?

ገዥዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አፓርታማ ስትገዙ አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም የምትገዙት። የጣሪያው፣ የሊፍቱ፣ የደረጃው፣ የውሃ ታንከሩ፣ የመሠረቱ ባለድርሻ ትሆናላችሁ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የሚነጠፈው የሬንጅ ንጣፍ ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው። ጊዜው ከደረሰ ወጪው ለሁሉም ይከፋፈላል፤ እናንተ ትናንት ብትገቡም።

ስለዚህ ፈታሹ ጣሪያ እንዲወጣ ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። አንዳንድ የአፓርታማ ፍተሻ የጋራውን ክፍል አይጨምርም፤ በሪፖርቱ መጨረሻ ገጽ ላይ «ያልታየ» ብሎ ያልፈዋል። ከነዋሪዎች ማኅበሩ ደግሞ ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤዎች ጠይቁ። ለጥገና የተጠራቀመ ገንዘብ አለ? የማይከፍሉ ቤቶች ስንት ናቸው? ከዚህ በፊት መሐንዲስ ተጠርቶ ያውቃል? ምን አለ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩ። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ባለ 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት ላይ በከፊል ተደርምሶ 98 ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መሐንዲስ የመዋኛ ገንዳው አካባቢ ያለው ንጣፍ ውሃ መከላከያው መበላሸቱንና ከስሩ ያለው አርማታ ክፉኛ መጎዳቱን ጽፎ አስረክቦ ነበር። ሪፖርቱ በማኅበሩ እጅ ነበር። የአርማታው ጥገና ግን ሕንፃው እስከወደቀበት ቀን አልተጀመረም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት እዚያ ቤት የገዛ ሰው ማየት የነበረበት ወረቀት ያ ነው።

ፍተሻው የማያየው ምንድን ነው?

ግድግዳ ውስጥ፣ ሴራሚክ ስር፣ ከከባድ ቁም ሳጥን ጀርባ ያለውን አያይም። ቤቱ ገና የእናንተ ስላልሆነ መቆፈር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሪፖርቱ «ማየት አልተቻለም» የሚል ቃል ቢበዛበት አይግረማችሁ። ይልቅ እነዚያን ቦታዎች አስምሩባቸው። ሻጩ ቁም ሳጥኑን ቀድሞ እንዲያንቀሳቅስ ጠይቁ። ማንቀሳቀስ የማይፈልገው ቁም ሳጥን ካለ እኔ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሱን ነው።

ሪፖርቱ መጣ። 40 ገጽ ነው፤ ሁሉም መጥፎ ነው። እንዴት ላንብበው?

ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ሌሊት ግን አይሁን። ፈታሽ ያየውን ሁሉ መጻፍ ግዴታው ነው። የላላ የበር እጀታና የዛገ ፌሮ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ብዙዎቹ ደረጃ ይሰጣሉ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ወይም 1፣ 2፣ 3። ቀዩን ለብቻ አውጡ። ከዚያ ደውላችሁ ስለ እያንዳንዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ካልተሠራ ምን ይከተላል? የሚሠራው የኔ ነው ወይስ የሕንፃው? ግምቱ ስንት ነው? ደግሞ አንድ የምወዳት ጥያቄ አለችኝ፦ «ቤቱን ለወንድምህ ብትገዛለት ኖሮ ምን ትለው ነበር?» ወረቀት ላይ የማይጻፍ መልስ የሚመጣው ያኔ ነው።

በሪፖርቱ ዋጋ ላስቀንስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ አካሄድ ግን አለው። 40ውን ገጽ ሻጩ ፊት ዘርግቶ «ቤትህ ቆሻሻ ነው» ማለት ኩርፊያ ብቻ ነው የሚያመጣው። ሁለት ወይም ሦስት ከባድ ነገር ምረጡ። ለእያንዳንዱ ከሠራተኛ የተጻፈ ዋጋ አምጡ። ሲታይ የነበረውን፣ ለምሳሌ ያረጀ መስኮት፣ አታንሱ፤ እሱን አይታችሁ ነው ዋጋ የነገራችሁት። ሻጩ «እኔው አሠራዋለሁ» ካለ ደግሞ ባይሆን ይሻላል። ለሚለቀው ቤት ማን ደህና ቧንቧ ይገዛል? ዋጋውን ቀንሶ እናንተ ብታሠሩት ይመረጣል።

ሻጩ ባለሙያ አላስገባም ቢልስ?

መልሱን ሰጥቷችኋል።

በጀቴ ተሟጧል። ራሴ ባይስ?

ለመጀመሪያ ማጣሪያ ራሳችሁ እዩ፤ አምስት ቤት ለማስፈተሽ ማንም አቅም የለውም። ባትሪ፣ ሳንቲም፣ ውሃ ልክና ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። በተለያየ ሰዓት፣ ቢያንስ አንዴ በዝናብ። ያንን ያለፈውን አንድ ቤት ግን ለባለሙያ ስጡት። የፍተሻው ክፍያ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ እኔ ያቺን የሻይ ቀለም ያላት ክብ ለማጥፋት ያወጣሁት ሁለት መሐንዲስ ያስጠራ ነበር።

ከገዛሁ በኋላ ሪፖርቱን ምን ላድርገው?

አስቀምጡት። ለጥገና ቅደም ተከተል ይሆናችኋል፤ ስትሸጡም ይጠይቋችኋል። እኔ በዓመት አንዴ አውጥቼ ፎቶዎቹን ከግድግዳው ጋር አስተያያለሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ አለ። መሐንዲሷ ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር ሰረዝ አስምራ ቀን ጽፋበታለች። ከስሩ እኔ ሁለት ቀን ጨምሬያለሁ። ሰረዙ አሁንም ጫፉ ላይ ነው። ባለፈው ቤቱን ሳስቀባ ቀቢው ብሩሹን አንስቶ «ይህን ልሸፍነው?» አለኝ። የመዳፍ ያህል ቦታ እንዲተውልኝ ነገርኩት። እስካሁን ሳቁ ትዝ ይለኛል።